የመሪጌታ ሰባት ሚስኮል

ሰው ሚስት የሚያገኝበት መንገድ ብዙ ነው። በዘመድ የሚያገኝ አለ፤ በማኅበር ጠጪ በኩል የሚያገኝ አለ፤ ሠርግ ቤት እስክስታ ሲወርድ የሚታይለትም አለ። እኔ በሞባይል ላገኝ ስል በሞባይል ላጣ ምንም አልቀረኝም ነበር። ጥፋቱ የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ከመሪጌታ ጥበቡ ጋር አልተስማማንም። እርሳቸው የአንተ ነው ይሉኛል። እኔ የእርስዎ ነው ለማለት ስለማልደፍር የስልኳ ነው እላለሁ። ስልኳ ደግሞ ስለ ራሷ መልስ አትሰጥም። እንግዲህ እናንተ ሰምታችሁ ፍረዱን።

ያኔ ጅጋ ከተማ ወፍጮ ቤት ነበር የምሠራው። ባለቤቱ እንዳልመስላችሁ፤ ሞተር አስነሺ፣ እህል መዛኝ፣ ዱቄት ጠራጊ ነበርኩ። ሚሌኒየሙ ገብቶ ብዙም አልቆየም፤ ኔትወርክ የሚባለው ነገር ወደኛ የደረሰው በዚያው ሰሞን ነው። ፍኖተ ሰላም ሄጄ አንዲት ጥቁር፣ ድፍን ያለች፣ አናቷ ላይ ባትሪ የምታበራ ስልክ ገዝቼ መጣሁ። ሻጩ «ሁለት መቶ ስም ትይዛለች» ሲለኝ ሁለት መቶ ሰው ከየት አመጣለሁ ብዬ መንገድ ለመንገድ ስጨነቅ ነው የተመለስኩት። ጅጋ ውስጥ ስልክ ያለው የማውቀው ሰው ጓደኛዬ መምህሩ ብቻ ነበር። እሱን መዘገብኩ። ብቻውን እንዳይሆን ብዬ የራሴንም ቁጥር አጠገቡ መዘገብኩ። ከዚያ እስቲ ትሠራ እንደሆነ ልሞክራት ብዬ ለራሴ ደወልኩ፤ መስመሩ ተይዟል አለችኝ። ከማን ጋር እያወራሁ እንደሆነ ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ፈጀብኝ።

ወፍጮ ቤት ውስጥ ደግሞ ጥሪ አይሰማም። ይህን ለመምህሩ ባዋየው «ንዝረት ላይ አድርጋት» ብሎ መላ ሰጠኝ። መምህር ስለሆነ አመንኩት። ግን ወፍጮ ቤት ገብቶ ያየ ሰው ያውቃል፤ እዚያ ውስጥ የማይነዝር ነገር የለም። መሬቱ ይነዝራል፣ ሚዛኑ ይነዝራል፣ የሰው ጥርስ ይነዝራል። ኪሴ በነዘረ ቁጥር አውጥቼ «ሃሎ!» እላለሁ፤ ማንም የለም። በሦስተኛው ቀን እህል ሊያስፈጩ የመጡ ሴቶች ተማክረው አንደኛዋን ላኩብኝ። «ወንድም ጋሼ፣ ብቻህን ማውራት ከጀመርህ ሰነበትህ፤ ጠበል ብትሞክር ምን ይመስልሃል?» አለችኝ፤ በጣም በትሕትና ነው ያለችው። ከዚያ በኋላ ስልኳን በፌስታል ጠቅልዬ ግድግዳው ላይ ካለ ምስማር ሰቀልኳት።

የሰዓቷን ጉዳይም ሳላነሳው አላልፍም። ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቀስቅሺኝ ብዬ አዘዝኳት። እሷ የምታውቀው ግን የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ የእሷ አሥራ ሁለት የኛ ስድስት ሰዓት ሆኖ ተገኘ። ማለዳ ዝም አለችኝና አርፍጄ ተነሳሁ። ቀትር ላይ፣ ዱቄት ለብሼ ላቤን ሳንጠፈጥፍ፣ ተነስ ብላ ጮኸችብኝ። ማጥፊያውን ስላላገኘሁት በየቀኑ ቀትር ላይ ትቀሰቅሰኝ ጀመር። ሰው ደግሞ ሁሉን ይለምዳል። ከወፍጮ ቤቱ ጎን ጠላ የምትሸጠው አከራዬ እትዬ ውዴ «የልጁ ስልክ ጮኸች፤ ምሳ ይቅረብ» ማለት ጀመረች። በኋላ ማጥፊያውን ሳገኘው እንኳ ሰፈሩ እንዳይቸገር ብዬ ተውኩት።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ከወንዙ ማዶ ካለው መንደር እህል በአህያ ጭና የምትመጣ ስመኝ የምትባል ልጅ ነበረች። ወፍጮ ቤት ውስጥ ወሬ በእጅ ነው። ላመ ወይ ለማለት ጣት ከጣት ይፋተጋል፤ ስንት ጊዜ ልፍጨው ለማለት ጣት ይቆጠራል። ሌሎቹ ሴቶች ሁሉ በእጃቸው የሚሉኝ «ቶሎ በል» ነው። ስመኝ ግን አንድ ቀን ዓይኔ ውስጥ ብናኝ ገብቶ ሳሽ አየችኝና የነጠላዋን ጫፍ አውጥታ ሰጠችኝ። እኔ ከዚያ በኋላ ሰው አልሆንኩም። ዓመት ያህል እንዲሁ በጣትና በቅንድብ ስንነጋገር ቆየን፤ ድምጿን በደንብ ሰምቼው አላውቅም፤ ሞተሩ ሁልጊዜ ይበልጠናል። ብቻ አንድ ቀን በእጄ ሽማግሌ ልላክ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ሽማግሌ በእጅ እንዴት እንደሚባል አትጠይቁኝ፤ ጢም አለበት። ሳቀችና በእሺታ አንገቷን ነቀነቀች።

ሽማግሌ ሦስት አዘጋጀሁ፤ መሪያቸው መሪጌታ ጥበቡ ነበሩ። በአካባቢው ሁሉ የተከበሩ፣ ቅኔ ያስተማሩ፣ የተጣላ ያስታረቁ ሰው ናቸው። እንደምታውቁት ሽማግሌ የላከ ሰው ራሱ አይሄድም። በዚያ ቀን በልጅቷ አባት መንደር ዝር ቢል እንኳ ነውር ነው። ቤቱ ተቀምጦ ጥፍሩን እየበላ መጠበቅ ነው ዕጣው። የስመኝ አባት አያ ቢያድግልኝ ደግሞ ንግግራቸው ዝግ ያለ፣ ሥርዓት የሚወዱ ሰው ናቸው ስለሚባል ፍርሃቴ እጥፍ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሄደው እስኪመለሱ ግማሽ ቀን መታገሥ አቃተኝና ያቺን ዘዴ ፈጠርኩ። መምህሩ ስልኩን ለመሪጌታ አዋሰ፤ ካርዴን እንዳትነኩብኝ ብሎ አስምሎኝ ነው። ያለ ካርድ ደግሞ ያለው መላ ሚስኮል ብቻ ነው። አንድ ሚስኮል ከሆነ እሺ ብለዋል፤ ሁለት ከሆነ ሌላ ቀን ተመለሱ ብለዋል፤ ሦስት ከሆነ እምቢ ብለዋል። ይህንን ቁጭ ብዬ ለመሪጌታ አስረዳኋቸው።

«መሪጌታ፣ አረንጓዴዋን ሁለት ጊዜ ይጫኑ፤ እኔን ትጠራለች። ትንሽ እንደጮኸች ቀይዋን ይጫኑ።»

«አንተስ?»

«እኔ አላነሳም።»

«ምነው? ምን ሆነህ?»

«ካነሳሁ የመምህሩ ካርድ ይቆጥራል።»

«እኔ ስጠራህ፣ አንተ እየሰማህ፣ ዝም ልትለኝ?»

«አዎ መሪጌታ። ስምምነቱ እሱ ነው።»

መሪጌታ ጢማቸውን ዳሰሱ፤ ስልኳን አገላበጧት። «እንግዲህ ዘመኑ ነው» አሉና ኪሳቸው ከተቷት። እኔ ሞኙ፣ ገብቷቸዋል ብዬ ተነሳሁ።

ቀኑ እሑድ ነበር። ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌዎቹ ጉዟቸውን ጀመሩ፤ እኔ እትዬ ውዴ ጠላ ቤት ስልኬን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ብቻዬን ልጠብቅ ነበር ሐሳቤ፤ ግን ለእትዬ ውዴ ብቻ ነገርኩ፣ እትዬ ውዴ ደግሞ ለማንም አልተናገረችም፣ ለገባው ሰው ሁሉ እንጂ። አምስት ስድስት ጠጪ ከነጣሳው ከበበኝ። ከሁሉ የቀረበኝ የወፍጮ ቤቱ ዘበኛ አያ ገሠሠ ነው። አያ ገሠሠ የቀድሞ ወታደር ነው፤ የስልክ ነገር ከኔ ወዲያ ላሳር ይላል።

በእነ ስመኝ መንደር ኔትወርክ የሚገኘው ከኮረብታው ላይ፣ ከዋርካው ሥር ብቻ ነው። ስለዚህ ስልኳ ከጮኸች ነገሩ አልቆ መሪጌታ ኮረብታው ላይ ወጥተዋል ማለት ነው። ምሳ ሰዓት ላይ እንደ ልማዷ ተነስ ብላ ስትጮህ ዘልዬ ተነሳሁ፤ ጠጪዎቹም እኔም ሰደብናት። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ እውነተኛው ጥሪ መጣ። መስኮቷ ላይ የመምህሩ ስም ታየ። ጮኸች፣ ጮኸች፣ ጠፋች።

«አንድ!» አልኩ። እትዬ ውዴ እልልታውን አቀለጠችው። አያ ገሠሠ አቅፎ ወደ ላይ አነሳኝ። ገና መሬት ሳልደርስ ስልኳ እንደገና ጮኸች፤ ጠፋች። እልልታው መሐል ላይ ተቋረጠ።

«ሁለት» አለ አንዱ። «ሌላ ቀን ተመለሱ ነው። አይከፋም። ደንበኛ አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም።» እኔም ይህን ለራሴ ነግሬ መጽናናት ስጀምር ሦስተኛዋ መጣች።

ሁሉም ጣሳውን አስቀመጠ። እትዬ ውዴ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፤ ሐዘን ቤት ያለን ሆነ። ዓይኔ ላይ እንባ ቀረረ፤ አልዋሻችሁም። ያ የነጠላ ጫፍ ትዝ አለኝ። ከእንግዲህ እህሏን ሌላ ወፍጮ ቤት ልታስፈጭ ነው ብዬ አሰብኩ። በዚህ ሁኔታ ላይ እያለሁ ስልኳ ለአራተኛ ጊዜ ጮኸች።

«አራት ምንድን ነው?» አለች እትዬ ውዴ።

«አራት አልተመደበም» አልኩ።

ከእምቢታ በላይ ምን ሊኖር ይችላል? አያ ገሠሠ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ወታደር ቤት ሬዲዮ ላይ ነበርሁ» አለ። «አራት ማለት ሽማግሌው ተሰደበ ማለት ነው።»

«አንተ ወጥ ቤት አልነበርህም እንዴ?» አለችው እትዬ ውዴ።

«ሬዲዮኑ ወጥ ቤቱ አጠገብ ነበር።»

አምስተኛዋ መጣች። ውሻ ፈተውባቸዋል ተባለ። ስድስተኛዋ ስትጮህ ግን አልቻልኩም፤ ካርዱም መሐላውም ገደል ይግባ ብዬ ላነሳ ተጣደፍኩ። አረንጓዴዋን የነካሁ መስሎኝ ቀይዋን ተጫንኩና ዘጋሁባቸው። መልሼ ልደውል ብል የእኔ ስልክ ውስጥ ሒሳብ የሚባል ነገር የለም። ሰባተኛዋ ጀምራ ገና በደንብ ሳትጮህ ቀጥ አለች። ከዚያ በኋላ ጭጭ ሆነ።

«አለቀ» አለ አያ ገሠሠ እየተነሳ። «እጃቸው ላይ እያለች ነጠቋቸው። ይሄ የድረሱልኝ ጥሪ ነው። አንተ ሰውዬ፣ ሽማግሌህን አስመትተህ ጠላ ቤት ትቀመጣለህ?»

አሁን ሳስበው፣ መሪጌታን የሚያህል ሰው የሚመታ በጎጃም ምድር አይገኝም። ያኔ ግን አላሰብኩም። ዱላ አነሳሁ። አያ ገሠሠ ዱላ አነሳ፤ አራቱ ጠጪዎችም ዱላቸውን አነሱ። ሜዳውን አቋርጠን፣ ወንዙን ተሻግረን፣ ዳገቱን ስንወጣ አንዱ ጠጪ ጎኑን ወጋውና መንገድ ዳር ቀረ። አምስት ሆነን፣ አቧራ ለብሰን፣ ዱላችንን አንግበን ከአያ ቢያድግልኝ ግቢ ተንደርድረን ገባን።

በመጀመሪያ ያየኝ ውሻው ነው። ቀጥሎ አንዲት ሴት «ኧረ ጠላፊ መጣ!» ብላ ኡኡታዋን ለቀቀችው። ወንዶቹ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ፤ ስመኝን ሁለት ሴቶች ይዘው ወደ ጓዳ ሲያስገቧት የቀሚሷን ጫፍ ብቻ አየሁ። ልጅን በሽማግሌ ጠይቆ በዚያው ቀን በአምስት ዱላ የሚመጣ ሰው ምን ይባላል? እኔም ብሆን ጠላፊ ነበር የምለው።

ከግራሩ ጥላ ሥር ሦስቱ ሽማግሌዎቼ ተቀምጠው እየበሉ ነበር። መሪጌታ በእጃቸው የያዙትን የዶሮ ብልት አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ታይቼ አላውቅም።

አያ ቢያድግልኝ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። «ውሻውን ያዙት» አሉ። «እናንተም ተቀመጡ፤ ደክማችኋል።» ተቀመጥን። ዱላችንን የት እንደምናደርገው ጠፍቶን ጭናችን ላይ አጋደምነው።

«ልጄን በሽማግሌ አስጠየቅኸኝ» አሉ ወደኔ ዞረው። «እሺ አልሁ። እሺ ካልሁ በኋላ ዱላው ምን ይሠራል?»

«እሺ ብለዋል እንዴ?» አልኩ።

«ታዲያ ምን ሰምተህ መጣህ?»

አያ ገሠሠ ቀደመኝ። «ሽማግሌዎቹን ልናድን ነው የመጣነ።»

«ከማን?»

አያ ገሠሠ ዙሪያውን አየ፤ ማዕዱን አየ። «ከእናንተ» አለ፤ ድምፁ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

በሚስኮል ተዋውለን እንደነበር ስነግራቸው አያ ቢያድግልኝ ስልኮቹን አምጡ አሉ። ሁለቱም ስልኮች መሐል ካለ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ሰውየው ለካ የቀበሌው ዳኛ ሆነው ሠርተዋል፤ አጠያየቃቸው ያስታውቃል።

«አንድ ሲጮህ ምን ነበር ውላችሁ?»

«እሺ ብለዋል ነበር፣ አያ።»

«ሁለትስ?»

«ሌላ ቀን ተመለሱ።»

«ሦስትስ?»

«እምቢ።»

«ሰባትስ?»

«ሰባት አልተመደበም።»

«ያልተመደበ ነገር ሰምተህ ነው ዱላ ያነሳኸው?» አሉና ወደ መሪጌታ ዞሩ። «እርስዎስ መሪጌታ፣ ምነው አንድ ብለው አልተዉት?»

መሪጌታ እጃቸውን ታጠቡ፤ ጢማቸውን አበሱ። ከዚያ ለአያ ቢያድግልኝ ሳይሆን ለእኔ ተናገሩ።

«አንተ ልጅ፣ ከሰው ደጅ ደርሰህ ‹ቤቶች!› ብለህ አንድ ጊዜ ጠርተህ ትሄዳለህ? አንድ ጊዜ ጠርቶ የሚሸሽ ሌባ ነው። ዋርካው ሥር ቆሜ ጠራሁህ፤ ዝም አልህ። አልሰማም ብዬ ደግሜ ጠራሁህ፤ ዝም። ሦስተኛ የጨዋ ደንብ ነው ብዬ ጠራሁህ፤ ዝም። የምሥራች ይዤ እኮ ነው! ይዤው ልመለስ? አራት አልሁ፤ አምስት አልሁ። በስድስተኛው አንተው ዘጋህብኝ። ሽበቴ ላይ በር ይዘጋል? ይሁን፣ ልጅ ነው ብዬ ይቅር አልሁና ሰባተኛ ጠራሁህ።»

«በሰባተኛው ለምን ተዉት?» አልኩ።

«ማዕድ ይባርኩ ተብዬ ተጠራሁ። እኔ ስጠራ በአንድ ጥሪ ነው የምሄድ።»

ይሄን ጊዜ ከጓዳው ሳቅ ተሰማ። አንዲት ሴት ዝም ልታሰኝ ሞከረች፤ ሳቁ ግን ያመልጣል። ስመኝ ስትስቅ በዓይኔ እንጂ በጆሮዬ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ዓመት ሙሉ ሞተር የጋረደብኝን ድምፅ በዚያ በውርደቴ ሰዓት ሰማሁት። ደስ አለኝ። ከዚያ የአባቷን ፊት አየሁና ደስታዬን ዋጥኩት።

አያ ቢያድግልኝ አልሳቁም። «መሪጌታ» አሉ፣ «እርስዎን አከብራለሁ። ግን ዛሬ ጎረቤቶቼ ከደጄ ጠላፊ ሲባል ሰምተዋል። እሺታዬን ለጊዜው መልሱልኝ፤ ላገላብጠው። ዐቢይ ጾም ሳይገባ መልሱን እልካለሁ፤ በሰው እንጂ በዚች አይደለም።» ስልኳን በጣታቸው ጫፍ ወደኔ ገፋ አደረጓት።

እሺ የተባለልኝን ሚስት ባንድ ከሰዓት አስመልሼ ወደ ጅጋ ወረድኩ። መሪጌታ መንገድ ሙሉ አላናገሩኝም። አያ ገሠሠም አላናገረኝም፤ እሱ የተጣላኝ ዶሮውን ሳይቀምስ ስለወጣ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው የጅጋ ሴቶች ይንገሯችሁ። የስንዴ ዱቄት ሲሉኝ ሽሮ እሰጣለሁ፤ ገብስ ሲሉኝ ሚዛኑ ላይ ራሴ እቆማለሁ። አንድ ቀን የአንዲት ደግ ሴትዮ ጤፍ በበርበሬው ወፍጮ ፈጭቼ ሰጠኋት። ቀይ እንጀራ ጋግራ ቤተሰቡ ሁሉ እንባውን እያፈሰሰ በላ። ስትመጣ ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኋት፤ ነገሬን ሰምታ ኖሮ «አይዞህ ልጄ፣ ያልፋል» ብላኝ ሄደች። ስልኳ ምስማሯ ላይ ናት፤ ቀትር ላይ ትጮሃለች፣ ሰፈሩ ምሳውን ይበላል፣ እኔ አልበላም። ካንገበገበኝ ነገር ሁሉ የባሰው፣ መልሱ በሰው ነው መባሉ ነው። በበሩ ያለፈ ሽማግሌ ሁሉ እምቢታ ይዞልኝ የመጣ ይመስለኝ ነበር።

ጾሙ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በገበያ ቀን፣ ወፍጮ ቤቱ ጢም ብሎ ሳለ ስመኝ አህያዋን እየነዳች መጣች። ያ ነገር ከሆነ ወዲህ አይቻት አላውቅም። ተራዋ ሲደርስ ጆንያዋን አቀበለችኝ። ሞተሩ ያጓራል፤ ዱቄቱ ይቦናል። እንደ ሥራዬ፣ ስንት ጊዜ ልፍጨው ብዬ በእጄ ጠየቅኋት። ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች፤ ስለ እህሉ አይደለም ማለቷ ነው። ክንዷን ዘርግታ ምስማሩ ላይ የተሰቀለችውን ስልክ አሳየችኝ። መልሱ በሰው ነው ብለው አልነበር? ይኸው ሰው መጣ።

ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያየች አንድ ጣቷን አነሳች።

ሁለተኛዋ ጣት ትነሳ እንደሆነ ብዬ ጠበቅሁ። ከመሪጌታ ወዲህ በአንድ የማምን ሰው አይደለሁም። እጇን አየሁ፣ ፊቷን አየሁ፣ እንደገና እጇን አየሁ። ያቺው አንዷ ጣት ብቻዋን ቆማለች።

ሞተሩን አጠፋሁት። የሰው እህል መሐል ላይ እያለ ሞተር ሳጠፋ የመጀመሪያዬ ነው። ሴቶቹ «ኧረ ምን ሆነ ይሄ ልጅ!» ብለው ተንጫጩና እነሱም ቀስ በቀስ ዝም አሉ። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ የሚነዝር ነገር ጠፋ።

«ስትጠራ መልስ አትሰጥም ወይ?» አለችኝ ስመኝ። ድምጿ ካሰብኩት ይወፍራል።

«አቤት» አልኩ።